የዶፓሚን ተቀባይ በኮምፒውተር ሲጠና

በቡታጅራና በአካባቢው የአእምሮ ሕመም ጥናት የቆየ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው 321 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለሕመማቸው ዘመናዊ መድኃኒት ወስደው አያውቁም ነበር። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የሚያጋጥመውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሕመምተኛው ድምፅ መስማቱን ሲተው ሰውነቱ ይገታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቤተሰቡም መድኃኒቱ አደረቀው ብሎ ያቋርጥበታል። አንድ መድኃኒት ሁለቱን በአንድነት የሚያደርግበትን ምክንያት ለመረዳት መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ማየት ያስፈልጋል።

ክሎርፕሮማዚንም ሆነ ሃሎፔሪዶል በዋነኛነት የሚሠሩት ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ተቀባይ በመዝጋት ነው። ተቀባዩ የነርቭ ሕዋስን የቅባት ሽፋን ሰባት ጊዜ አቋርጦ የሚያልፍ ፕሮቲን ነው። ከሽፋኑ ሲወጣ ቅርጹ በቀላሉ ስለሚበላሽ አወቃቀሩን ማየት ለረጅም ጊዜ አዳጋች ሆኖ ቆይቶ፣ ከሪስፐሪዶን ጋር ተጣምሮ በ2018፣ ከሃሎፔሪዶል ጋር ደግሞ በ2020 ታይቷል። እንዲህ ያለው ምስል ግን እንደ ፎቶግራፍ የቆመ ነው፤ ፕሮቲኑ አይቆምም።

ሲሙሌሽን የሚባለው ዘዴ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪው ፕሮቲኑን፣ ቅባቱን፣ ውሃውንና ጨዉን አቶም በአቶም በኮምፒውተር ውስጥ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩም በእያንዳንዱ አቶም ላይ ያረፈውን ኃይል አስልቶ በኒውተን ሕግ መሠረት ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል፤ እንደገና ያሰላል፣ እንደገና ያንቀሳቅሳል። አንዱ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፌምቶሰከንድ በመሆኑ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ የሚሆን እንቅስቃሴ ለማየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ያሻል። በ2011 የኒውዮርኩ ዲ. ኢ. ሾው ሪሰርች ለዚሁ ሥራ ብቻ በሠራው አንቶን በተባለ ኮምፒውተር፣ ፕሮፕራኖሎልና መሰሎቹ ማንም ሳይመራቸው የቤታ ተቀባይን ኪስ ፈልገው ሲገቡ አሳይቷል። የሚያስገርመው፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ መሰናክል የተገኘው ከኪሱ ሳይሆን ገና ከደጁ መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱና ተቀባዩ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ የሚያራግፉት እዚያ ነውና። ከቆመ ምስል ብቻ ይህን ማወቅ ባልተቻለም ነበር።

ዶኪንግ የተባለው ሌላው ዘዴ እንቅስቃሴውን ትቶ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ በኪሱ ልክ ይሞክራል። በ2019 በወጣ ጥናት የሳንፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 138 ሚሊዮን ሞለኪውሎችን በዲ4 ተቀባይ ላይ በኮምፒውተር ሞክረዋል። 549ኙ በእውን ተሠርተው ሲፈተኑ 30ዎቹ ጠንካራ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ ታላቅ ነው፤ ለታካሚ የሚታዘዝ መድኃኒት ግን አልሆነም። ደግሞም በ1990ዎቹ ዲ4ን ለይቶ የሚዘጋ መድኃኒት በስኪዞፍሬንያ ተሞክሮ ጥቅም ሳያሳይ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ለተሰጠው ቁልፍ ማስገቢያ ቁልፍ ያገኛል፤ የትኛው በር መከፈት እንዳለበት የሚነግረን የሕሙማን ጥናት ነው።

ወደ ዲ2 እንመለስ። ለድምፁና ለጥርጣሬው ምክንያት በሚሆነው የአንጎል ክፍል ያለው ተቀባይና እንቅስቃሴን በሚያስተካክለው ክፍል ያለው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ኪሱን የቱንም ያህል አጥርቶ ማየት ብቻውን መገተርን አያስቀርም። በ2000 በካናዳ በሃሎፔሪዶል የተደረገ የፔት ምርመራ፣ ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህል ሲዘጉ የመሻሻል ዕድል እንደሚጨምር፣ 78 በመቶ ሲያልፍ ግን የመገተር ምልክቶች እንደሚበረክቱ አሳይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ጥናቱ የጀመረበት መጠንም በቀን 1 ወይም 2.5 ሚሊግራም ብቻ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ መድኃኒቱ አልሠራም ሲባል መጠኑን ለመጨመር የምንቸኩል ብዙዎች ነን።

በቡታጅራ ደግሞ ከመጨመር በፊት ስለ ጫት መጠየቅ ይገባል። በ1999 የታተመ ጥናት በአካባቢው ከአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ጫት ቃሚዎች መሆናቸውን አመልክቷል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያርፈው በሌላ የሽፋን ፕሮቲን፣ በዶፓሚን አጓጓዥ ላይ ሲሆን፣ አጓጓዡ ወደ ሕዋሱ መመለስ የነበረበትን ዶፓሚን ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያደርገዋል። የሰው አጓጓዥ ቅርጽ በ2024 ታይቷል። ጠዋት ሃሎፔሪዶል ውጦ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው ዲ2 ላይ ሁለቱን እያፎካከረ ነው።