ወደ ግል ክሊኒክ ከመግባታችሁ በፊት፦ ስለ ጡረታችሁ ማወቅ ያለባችሁ



እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ወባ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጨጓራ ነው። የዛሬው ግን በዋናነት ለራሳችን ለሐኪሞቹ ነው፤ በተለይ ከመንግሥት ሆስፒታል ወጥታችሁ ወደ ግል ክሊኒክ ለመግባት ለምታስቡ ወጣት ጠቅላላ ሐኪሞች። ነርሶች፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎችም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ፤ የጡረታ ሕጉ ለሁላችንም አንድ ነው።

"ጡረታ ደግሞ አሁን ምን አመጣው? ገና ሠላሳም አልሞላን" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ ታካሚ ናቸው።

የጋሼ ታሪክ

ከጥቂት ወራት በፊት እዚሁ አርባ ምንጭ ተመላላሽ ክፍል ስሠራ አንድ አባት መጡ። ግፊታቸው 180/110 ነው። መድኃኒት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልወሰዱም። "ጋሼ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡት?" ብዬ ትንሽ ቆጣ አልኩ። ፈገግ አሉና "ልጄ፣ እኔም እኮ ነርስ ነበርኩ። ምን እንደሚያመጣ አጥቼው አይደለም። ጡረታዬ ወሩን አያደርሰኝም" አሉኝ። አፈርኩ።

ታሪካቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። 22 ዓመት በመንግሥት ጤና ተቋማት ሠርተዋል። 2003 ዓ.ም. ላይ ለቀው ወደ ግል ክሊኒክ ገቡ፤ 60 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሌላ 11 ዓመት ሠሩ። የሚያሳዝነው ነገር፣ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የጀመረው አዋጅ ቁጥር 715/2003 የወጣው ልክ በዚያው ዓመት ነው። አሠሪዎቻቸው ቢያስመዘግቧቸው ኖሮ 11ዱም ዓመት ይቆጠርላቸው ነበር። ግን ደመወዛቸው እጅ በእጅ ነበር የሚከፈለው። እሳቸውም አልጠየቁም፤ ምንም ሳይቆረጥ መቀበሉ ደስ ብሏቸው ነበር።

በመጨረሻ ጡረታቸው የተሰላው በ22 ዓመት ብቻ ሆነ። ያውም ከመንግሥት ሲለቁ በነበራቸው ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ። በግል ክሊኒክ ያሳለፉት 11 ዓመት በወረቀት ላይ የለም።

ሕጉ በአጭሩ

አሁን በሥራ ላይ ያሉት ሁለት አዋጆች ናቸው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268/2014። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እነሆ፦

1. መዋጮ፦ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ከእናንተ ይቆረጣል፣ 11 በመቶ አሠሪው ይጨምራል። በጠቅላላው 18 በመቶ። በሆስፒታልም ሆነ በግል ክሊኒክ መጠኑ ያው ነው።

2. ዕድሜና አገልግሎት፦ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ከ10 ዓመት በታች አገልግሎ ጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

3. ስሌቱ፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካዩ የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ነው።

4. መደመር ይቻላል፦ በመንግሥት የሠራችሁትና በግል ድርጅት የሠራችሁት አገልግሎት አንድ ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ከሆስፒታል መልቀቅ በራሱ ጡረታችሁን አያጠፋም። የሚያጠፋው ሳይመዘገቡ መሥራት ነው።

በ25 ዓመቱ ተመርቆ እስከ 60 ዓመቱ ሳያቋርጥ የሠራ ሐኪም 35 ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል። 30 በመቶ፣ ሲደመር 25 ጊዜ 1.25፣ በድምሩ 61.25 በመቶ። መካከል ላይ 10 ዓመት ሳይመዘገብ ከሠራ ግን ወደ 48.75 በመቶ ይወርዳል።

የማናየው ቀዳዳ፦ ዲዩቲ ጡረታ የለውም

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። መዋጮው የሚቆረጠው፣ ጡረታውም የሚሰላው ከመነሻ ደመወዝ ብቻ ነው። የዲዩቲ ክፍያ፣ የቤት አበል፣ የተጋላጭነት አበል፣ የፕራይቬት ዊንግ ገቢ፣ የቅዳሜና እሁድ ፓርት ታይም፣ አንዱም አይገባበትም።

የእኛን ኑሮ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጨንቻም ሆነ ሰላም በር፣ አርባ ምንጭም ሆነ ካምባ የሚሠራ ሐኪም ወሩን የሚገፋው በመነሻ ደመወዙ አይደለም፤ በዲዩቲና በትርፍ ሥራ ነው።

ለስሌት እንዲመቸን መነሻ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሐኪም እንውሰድ። ከዲዩቲና ከፓርት ታይም ጋር በወር 25,000 ብር ያገኛል፤ ኑሮውን የለመደውም በ25,000 ነው። 35 ዓመት ሙሉ አገልግሎ በዚሁ መነሻ ደመወዝ ጡረታ ቢወጣ 6,125 ብር ይደርሰዋል። ይህ ከመነሻ ደመወዙ 61.25 በመቶ ነው፤ ከለመደው ገቢ ግን ሩብ እንኳ አይሞላም።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ አገር ሲያነጋግር አብዛኞቻችን ያየነው የወሩን ወጪ ነበር። ትክክልም ነው። ግን መነሻ ደመወዝ ሲጨምርና አበል ሲጨምር ለጡረታችን አንድ አይደለም። ዛሬ ኪስ ውስጥ ሲገቡ እኩል ናቸው፤ 60 ዓመት ሲሞላ የሚከተለን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

"በእጅዎ ብንሰጥዎት አይሻልም?"

ባለፈው ዓመት እኔም ከአንድ የግል ክሊኒክ ጥሪ መጣልኝ። የተባለልኝ ደመወዝ 20,000 ብር ነበር፣ ደስ አለኝ። ውሉን ሳነበው የተጻፈው 6,000 ብር ነው። "ቀሪውስ?" ስል ሥራ አስኪያጁ ሳቅ ብሎ "ዶክተር፣ እሱን በእጅዎ ነው የምንሰጥዎት። ጡረታና ግብር ከሚበላው በእጅዎ ብንሰጥዎት አይሻልም?" አለኝ።

ቤት ሄጄ ደመርኩት። በ20,000 ብር ላይ ክሊኒኩ 11 በመቶ ማለትም 2,200 ብር መዋጮ መክፈል አለበት። በ6,000 ላይ ግን 660 ብር ብቻ ይከፍላል። በየወሩ 1,540 ብር ለእሱ ይተርፈዋል። እኔም 980 ብር ያነሰ ይቆረጥብኛል፤ ያስደሰተኝ እሱ ነበር።

ከዚያ ሌላውን ጎን አሰላሁት። በ35 ዓመት አገልግሎት ከ20,000 ብር የሚገኘው ጡረታ 12,250 ብር ነው። ከ6,000 ብር የሚገኘው 3,675 ብር ነው። ዛሬ በወር 980 ብር "አትርፌ" ወደፊት በወር 8,575 ብር ላጣ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ግብር መደበቁ ራሱ ሕገ ወጥ ነው፤ ነገ የሚያስጠይቀው ክሊኒኩን ብቻ ነው ብላችሁ አትተማመኑ።

ሁለት ሳምንት ተነጋገርን። በመጨረሻ ደመወዙን በትንሹ ቀንሰው ሙሉውን በፔሮል ለማስገባት ተስማሙ። በእጄ የሚገባው አነሰ፤ ግን አልቆጨኝም።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ጉዳዩ እንደ ደም ግፊት ነው፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ምንም ምልክት አያሳይም። ምልክት ሲያሳይ ደግሞ ረፍዷል። ስለዚህ አሁን፣ ደህና ሳላችሁ፣ እነዚህን አረጋግጡ፦

1. ውሉ ላይ የተጻፈው ደመወዝ የምትቀበሉት ደመወዝ ነው? የቃል ስምምነት ጡረታ አያወጣም።

2. የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። ከመንግሥት ስትወጡ ያላችሁን ቁጥር ለአዲሱ አሠሪ ስጡ፤ አገልግሎታችሁ እንዲያያዝ።

3. ተቆርጧል ማለት ገብቷል ማለት አይደለም። ፔይ ስሊፕ ላይ 7 በመቶ ተቀንሶ ገንዘቡ ግን ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ክሊኒኩ በየወሩ የሚያቀርበውን የመዋጮ ማሳወቂያና የከፈለበትን ደረሰኝ ለማየት ጠይቁ። ስማችሁና ትክክለኛው ደመወዛችሁ እዚያ ላይ መኖር አለበት። ጥያቄ ካላችሁ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው።

4. ጠፍታችሁ አትሂዱ። ከሆስፒታል በመልቀቂያ ውጡ። የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ደመወዛችሁና ጡረታ ሲቆረጥ እንደነበር የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያዙ። የወጪ መጋራት ዕዳችሁንም አብራችሁ አጣሩ። ከ30 ዓመት በኋላ ያን ወረቀት ከአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት መፈለግ ቀልድ አይደለም።

5. የልደት ቀናችሁን አስተካክሉ። ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የተመዘገበው ነው። በኋላ "ስህተት ነበር" ማለት አይሠራም።

6. ቤተሰባችሁን አስመዝግቡ። ለጡረታ የበቃ ሠራተኛ ቢሞት ለትዳር ጓደኛው የጡረታው 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይታሰባል። ካገባችሁና ከወለዳችሁ በኋላ ፋይላችሁ ላይ አሁንም "ያላገባ" የሚል ካለ ቶሎ አስቀይሩት።

በፐርሰንት ለምትሠሩና ክሊኒክ ለምትከፍቱ

ሲቀላም ሴቻም ብትሄዱ ሦስት አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ክሊኒክ ስለመክፈት ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትርፍ ደመወዝ አይደለም። ከትርፍ ድርሻ ላይ የጡረታ መዋጮ አይቆረጥም። ባየኸው ታካሚ ልክ በፐርሰንት መሥራትም ያለ ደመወዝ ውል ከሆነ ያው ነው፤ ገንዘቡ ይመጣል፣ የአገልግሎት ዓመት ግን አይቆጠርም።

ስለዚህ ሽርክና ስትገቡ በጽሑፍ የምትስማሙባቸው ነገሮች ይኑሩ። በክሊኒኩ የምትሠሩ ባለድርሻዎች ደመወዝ በፔሮል ይኖራችኋል ወይ? አንዱ ለስፔሻሊቲ ትምህርት ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል? አንዱ ቢሞት ቤተሰቡ ምን ያገኛል? የመሣሪያ ብድር ቢኖር ማን ይከፍላል? "እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን" የሚለው ቃል እስከ መጀመሪያው ጠብ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጡረታ ብቻውን አይበቃም

ሁሉንም በትክክል ብትሠሩ እንኳ ጡረታ አንድ እግር ነው። ሁለተኛውን ራሳችሁ መትከል አለባችሁ።

በጋሞ ደጋ ያሉ ገበሬዎች እንሰትን እንዴት እንደሚተክሉ አይታችኋል? አንዱ ሲበስል ሌላው መካከለኛ ነው፣ ሌላው ገና ችግኝ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይቆርጡትም፣ መትከልም አያቆሙም። ቆላ ወርዳችሁ የአርባ ምንጭን ሙዝ ብታዩ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎ ገበያ ይወጣል። የዲዩቲ ገንዘብ እንደ ሙዙ ነው። ከሙዙ ሽያጭ ላይ ትንሽ ወስዶ እንሰት መትከል የእኛ ፋንታ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ፣ ሳይነካ። ከዚያ ከየዲዩቲው ክፍያ አንድ አሥረኛውን፣ ገንዘቡ በገባበት ቀን፣ ወደ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። ዕቁብም አለኝ፤ ዕቁብ ግን ለዕቃ መግዣ ይሆናል እንጂ ለእርጅና አይሆንም፤ ወለድ የለውም።

ሁሉንም ብር ባንክ አስቀምጦ መርሳትም አደጋ አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብር ብቻ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደተሰማው አንረሳውም። አሁን ሌላ አማራጭ እየመጣ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ድርሻውን በቴሌብር ሲሸጥ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ይወርዳልም ይወጣልም፤ የሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ በሆነ ገንዘብ አይገዛም። ግን በ28 ዓመቱ የጀመረ ሰው ለመጠበቅ ጊዜ አለው።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ለቀጠሮ መጡ። በሆስፒታሉ ፋርማሲ ወደሚገኝና ዋጋው ቀለል ወዳለ መድኃኒት ቀይረንላቸው ስለነበር ግፊታቸው 140/85 ሆኗል። ስለ አዲሱ ሥራዬ ነገርኳቸው። "እንኳን ደስ አለህ" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ይቆርጣሉ?" ብለው ነው።

"አዎ ጋሼ፣ ከሙሉው ደመወዝ" አልኳቸው።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ፔይ ስሊፓችሁን አውጡና ሁለት ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፤ የተመዘገበው ደመወዝ ስንት ነው? የተቆረጠው 7 በመቶስ ከዚያ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ነገ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ሂዱና ጠይቁ። ውል ሊፈርም ላለ ጓደኛችሁም ይህን ጽሑፍ አካፍሉት።