«ከሰኞ ጀምሮ»

ከመካከላችን «ከሰኞ ጀምሮ እጸልያለሁ» ብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ሰኞ ሲመጣ ፈተና ደረሰ እንላለን። ፈተናው ሲያልፍ የወሩ መባቻ ይሁን እንላለን። በመጨረሻም ወልድያ ግቢ ውስጥ አይመችም፣ ለእረፍት ወደ መርሳ ስንወርድ ይደርሳል ብለን እናሳድረዋለን።

ችግሩ ስንፍና ብቻ አይመስለንም። በሐብሩ ቀበሌዎች ስናድግ ደወሉ ወይም አዛኑ ሲሰማ ቤቱ በሙሉ ይነሣ ነበር፤ እኛም አብረን እንነሣ ነበር። ልማዱ የቤቱ ነበር እንጂ የእኛ አልነበረም። እዚህ መኝታ ክፍል ውስጥ ግን ቀስቃሽ የለም። አንድ ጓደኛችን አያቱ የሰጡትን ዳዊት ከነማኅደሩ በሻንጣው ውስጥ እንዳስቀመጠ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ንቆት አይደለም፤ ከጀመረ በየቀኑ ብዙ መድገም ያለበት ስለሚመስለውና ስለሚፈራ ነው።

አባቶች ግን እንዲህ አላከበዱትም። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥሩ «ንጉሥ» እየተባለ በ15 ተከፍሏል፤ ለሳምንቱ ቀናትም ተደልድሏል። ውዳሴ ማርያምም ለየዕለቱ የራሱ ድርሻ አለው። አምስቱ ሶላት ደግሞ ከፀሐይ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሱብሒ ጎሕ ሲቀድ፣ መግሪብ ፀሐይ ስትጠልቅ። ሰዓቱ አስቀድሞ የተወሰነለት ሰው «አሁን ነው ወይስ በኋላ» እያለ ከራሱ ጋር አይከራከርም።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ግን አንድ ቀን ሲያመልጠን ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰኞ እንፈልጋለን። ሱብሒ ያመለጠው ወንድማችን እኮ ቀዳውን አውጥቶ ወደ ዙህር ያልፋል እንጂ አዲስ ሳምንት አይጠብቅም! ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ያገኙት ከዚህ አይርቅም። ሰዎቹ አዲሱን ተግባር እንደ ቁርስ ካለ የዕለት ጉዳይ ጋር አያያዙት። ልማድ እስኪሆን በመካከለኛው ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለልም ይህን ያህል አልጎዳቸውም።

ስለዚህ ለጓደኛችን ያልነው ይህን ነው፦ ፊትህን ከታጠብህ በኋላ፣ ስልክህን ሳትነካ፣ አንድ መዝሙር ብቻ ድገም። ብትቸኩል በዳዊት አቈጣጠር 116ኛው አለልህ፤ ሁለት ቍጥር ብቻ ነው። ትናንት ማታ ማኅደሩን ሲፈታ አይተነዋል። ረቡዕ ነበር።