መንገድ በማይደርስበት መንደር የሚቀዳ ቢራ

ኢንቨሪ ደሴት አይደለችም። በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ ኖይዳርት በሚባለው ተራራማ ምድር የምትገኝ፣ መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ሆኖም ከቀረው ብሪታንያ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። ያላት አጭር መንገድ እዚያው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ኦልድ ፎርጅ ወደሚባለው መጠጥ ቤቷ መሄድ የፈለገ ከማሌግ ወደብ በጀልባ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሻገራል፤ አለዚያም ተራራ ለተራራ 29 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዛል። የጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ቤቱን በብሪታንያ ዋና ምድር ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች ሁሉ የራቀ ብሎ መዝግቦታል።

ጋዜጦች ስለ ርቀቱ ብዙ ጽፈዋል። ርቆ ባለ ቤት ጥሩ ቢራ ማቅረብ ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ ግን እምብዛም አይነገርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከበርሜሉ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድራፍት የምንለው ቢራ ተጣርቶ፣ በጋዝ ግፊት ከበርሜሉ እየተገፋ የሚወጣ ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ እርሾው ሥራውን ጨርሷል። ብሪታንያውያን የሚኮሩበት የበርሜል ኤል የተባለው ቢራ ግን እርሾው በሕይወት እያለ ነው ወደ መጠጥ ቤቱ የሚላከው። መፍላቱን የሚጨርሰው እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጠላ የጠመቀች እናት ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም፤ ጉሹ እስኪጠል፣ አተላው እስኪወርድ መጠበቅ ያለ ነው።

በብዛት የሚሠራበት በርሜል 41 ሊትር ያህል ይይዛል። ሲደርስ በጎኑ ይጋደምና እንዳይንከባለል ይደገፋል። ከላይ ባለው ቀዳዳ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ የታመቀው ጋዝ በእሱ በኩል እየተነፈሰ አረፋ ይደፋል። አረፋው ረገብ ሲል ለስላሳው ውታፍ ወጥቶ ጠንካራው ይገባል፣ የቀረው ጋዝ ቢራው ውስጥ እንዲቆይ። እርሾውን ወደ ታች የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚዘጋጅ ማጥለያ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ካረፈ በኋላ አሳላፊው ባንኮኒው ላይ ያለውን ረጅም እጀታ በቀስታ ወደ ራሱ ይስባል፤ የሚገፋ ጋዝ የለም፣ ቢራውን የሚያወጣው የክንዱ ጉልበት ነው። መጀመሪያ ደፍርሶ ይወጣል፣ ከዚያ እየጠራ ይሄዳል።

አሁን ይህን በርሜል ጀልባ ላይ እንጫነው። ማዕበል የናጠው ቢራ አተላው ተነሥቶ ይደፈርሳልና እንደገና ማረፍ አለበት። ከተከፈተ ደግሞ በወጣው ቢራ ምትክ አየር ስለሚገባ ከሦስት ቀን በላይ ጣዕሙን አይጠብቅም። 41 ሊትር ማለት 72 ፓይንት ነው፤ በሦስት ቀን ለመጨረስ በየቀኑ 24 ፓይንት መሸጥ ግድ ይላል። በስኮትላንድ በጋ ተጓዥ ሲጎርፍ ይህ ቀላል ነው። በጥር ወር፣ ንፋሱ ጀልባ ሲያስቀር፣ በመቶ ሰው መንደር ውስጥ በርሜል መክፈት ሒሳብ የሚጠይቅ ውሳኔ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የጠራ፣ ሕያው ፓይንት የቀረበለት ሰው የማን ድካም እንደሆነ ይወቅ።

ስለዚህ «የእንግሊዝ ቢራ ሙቅ ነው፣ ጋዝ የለውም» የሚለው ስሞታ መቆም አለበት። ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ይህ ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሙቅ አይደለም። እንደ በረዶ የቀዘቀዘ መጠጥ ምላስን ያደነዝዛል፣ የብቅሉንም ጣዕም ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት እንግሊዛውያን ለሕያው ቢራ የሚሟገተውን ካምራ የተባለ ማኅበር የመሠረቱት ይህ ዓይነቱ ቢራ በፋብሪካ ድራፍት እየተዋጠ ስለነበር ነው። ፓይንቱን ቀምሶ «አልቀዘቀዘም» ብሎ የሚመልስ እንግዳ የእነሱን ልፋት ነው የሚመልሰው።

ውስኪው ያን ያህል ጣጣ የለውም፤ ጠርሙስ ማዕበል አይፈራም። ስኮች ለመባል ስኮትላንድ ውስጥ በባሉጥ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቀመጥ፣ ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮልም መያዝ አለበት። ቀለሙ የጠቆረ ሁሉ ያረጀ አይደለም፣ በካራሜል ማቅለም በሕግ ተፈቅዷልና። ከማሌግ ባሕሩን ተሻግሮ በሚገኘው የስካይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1830 የተቋቋመው ታሊስከር 45.8 በመቶ ሆኖ ይታሸጋል፤ ጢሱ የሚመጣው ብቅሉ ፒት በሚባል፣ ከረግረግ ተቆርጦ በሚደርቅ ማገዶ ስለሚታጠን ነው። ጥቂት ጠብታ ውኃ መጨመር ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውስኪው ሲቀጥን የጢስ ሽታ ያለው ጓያኮል የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። ኮካ መጨመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ርካሽ ውስኪ ይበቃል።

የአገር ቤቱን ልማድ ለለመደ እንግዳ አንድ ማሳሰቢያ፦ ተቀምጦ አስተናጋጅ መጠበቅ የለም። ባንኮኒው ድረስ ሄዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ አዝዞ እዚያው መክፈል ነው። ከሰው ጋር የተቀመጠ ደግሞ የራሱን ዙር መግዛት አለበት፤ ዙሩ ሲደርሰው ሹልክ የሚል በየትም አገር አይወደድም።

የኦልድ ፎርጅ ባለቤትም ማንነት መታወቅ አለበት። የኖይዳርት መሬት ለረጅም ዘመን የባለርስቶች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሰባት ሰዎች ከባለርስቱ ከሎርድ ብሮኬት ርስት ቁራሽ መሬት ለራሳቸው ከልለው ነበር፤ በፍርድ ቤት ተሸነፉ። ሕዝቡ ርስቱን በፋውንዴሽን በኩል የገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መጠጥ ቤቱ ግን በግለሰብ እጅ ቆይቶ በ2022 የማኅበረሰቡ ሆነ።

ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የጀልባውን ሰዓትና ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ፤ በስኮትላንድ ክረምት ጉዞው ይቀንሳል፣ ቤቱ ክፍት መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ጊዜ ያጠረው በግሌንኮ ሸለቆ ወዳለው ክላሄግ ኢን ይሂድ። ከግላስጎ ወደ ፎርት ዊሊያም የሚሄደው አውቶቡስ በሸለቆው ያልፋል፣ የስኮትላንድ የበርሜል ኤልና የውስኪ ምርጫውም ተራራ ወጪዎች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁት ነው።