የቢልሃርዝያ ሥርጭት በገጠር ትምህርት ቤቶች እንዴት ይለካል?

ቢልሃርዝያ በጥገኛ ትሎች አማካይነት የሚመጣ በሽታ ነው። ትሎቹ ከፊል ዕድገታቸውን በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ይፈጽሙና ውሃ የነካውን ሰው ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። ስለዚህ በሽታው በሁሉም ሥፍራ እኩል አይሰራጭም፤ በወንዝ፣ በሐይቅና በመስኖ ቦይ ዳር ሲበረታ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለው መንደር ላይገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚለካው በሰገራ ምርመራ ነው። ካቶ ካትዝ በተባለው ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የትሉ እንቁላሎች ይቆጠራሉ። እንቁላል የተገኘባቸው ልጆች ቁጥር ለተመረመሩት ሁሉ ሲካፈል የሥርጭቱ መጠን ይታወቃል።

ይሁን እንጂ አማካዩ ሊያሳስት ይችላል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ካሉ 5 ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው 50 ተማሪዎች ተመረመሩ እንበል። በወንዝ ዳር ባለው 20 ልጆች ተይዘው ሲገኙ በሌሎቹ አንድም ባይኖር፣ የወረዳው አማካይ 8 በመቶ ይሆናል፤ የወንዝ ዳሩ ግን 40 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በየዓመቱ ለማኅበረሰቡ እንዲታደል የመከረው ሥርጭቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በአማካዩ ብቻ የሚመራ ዕቅድ እንግዲህ የወንዝ ዳሩን መንደር ከዕደላው ውጭ ያደርገዋል።

የመምህሩ ድርሻም እዚህ ላይ ነው፤ ተመርማሪዎቹ ከመዝገብ በዕጣ እንዲመረጡ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ እረኞችም እንዳይዘነጉ ማድረግ ይገባዋል። ያልተቆጠረ ልጅ በዕቅድ ውስጥ ቦታ አያገኝምና።