ግድያው ሳይቆም የተከፈተ መዝገብ

በሜይ 1919 ኪየቭ ውስጥ ጥቂት አይሁዳውያን ምሁራን ተሰባስበው አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሩሲያው ዛር ከዙፋኑ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ዩክሬን የጦር አውድማ ሆናለች፤ ከተሞቿ በየጊዜው ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው ይገለባበጣሉ። ማንም ይግባ ማን፣ አይሁዱ አይተርፍም። የታሪክ ምሁሩ ኤልያስ ቸሪኮወርና ባልደረቦቻቸው ይህን ግፍ ሊመዘግቡ ተነሡ። ሰላም ሲሆን እንጽፈዋለን ብለው ቢቆዩ ኖሮ ምስክሮቹም አብረው ባለቁ ነበር።

መዝጋቢዎቹ ከእልቂት የተረፉትን እየፈለጉ ቃላቸውን ይቀበላሉ። ወታደሮቹ መቼ ገቡ? አዛዣቸው ማን ነው? ሰበባቸው ምን ነበር? ጎረቤትስ ምን አደረገ? የሟቾችን ስም ዝርዝር፣ ወታደራዊ ትእዛዞችንና ፎቶግራፎችንም ያሰባስባሉ።

የጥያቄዎቹ ጥቅም በፕሮስኩሮቭ ከተማ ጎልቶ ይታያል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1919፣ ቅዳሜ ነው። ቦልሼቪኮች በዋዜማው ሌሊት የሞከሩት አመፅ ከሽፏል። የዩክሬን ሪፐብሊክ ጦር አለቃው ሴሞሴንኮ ይህን ሰበብ አድርጎ ወታደሮቹን በአይሁድ ላይ አዘመተ፤ ትእዛዙም ግደሉ፣ ግን አትዝረፉ የሚል ነበር። ቤት ለቤት እየገቡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 1,500 ያህል ሰው በጎራዴ ፈጁ። ነገሩን በወታደር ረሃብና በሥርዓት አልበኝነት ለሚያሳብብ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም፤ ዝርፊያ የተከለከለበት ጭፍጨፋ ታስቦበት የተፈጸመ ነው።

ኮሚቴው ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ ብቻ አልጫነም። የዩክሬን ሪፐብሊክ ጦር፣ በየአካባቢው የተነሡ የሽፍታ አለቆች፣ ቦልሼቪኮችን ይወጋ የነበረው ነጭ ጦር፣ ቀይ ጦር ሳይቀር በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ተመራማሪው ናሆም ጌርጌል ቆይቶ ባደረገው ቆጠራ 1,236 ጥቃቶችን ለይቷል።

ቸሪኮወር በ1921 መዛግብቱን ይዘው በርሊን ገቡ። በ1927 አይሁዳዊው ሾሎም ሽዋርዝባርድ የዩክሬን ሪፐብሊክ መሪ የነበረውን ሲሞን ፔትሊዩራን የእልቂቱ ተጠያቂ ነው ብሎ በመግደሉ ፓሪስ ላይ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ተከላካዮቹ በዚህ ክምችት ተጠቀሙ፤ ሸንጎውም በነጻ ለቀቀው። ፔትሊዩራ በግሉ ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ መዛግብቱ ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። ጀርመኖች በ1940 ፓሪስን ሲይዙም ከእጃቸው ያመለጠው ክፍል፣ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው ዪቮ በተባለው የአይሁድ ጥናት ተቋም ውስጥ ተቀምጦ ለተመራማሪዎች ያገለግላል። ቸሪኮወር በ1943 እዚያው ኒው ዮርክ አረፉ፤ የ1919ኙን እልቂት የጻፉበት መጽሐፍ የታተመው በ1965 ነው።