የፀሐይ ኃይል ከመስመር ጋር ሲገናኝ ቮልቴጅ እንዴት ይጠበቃል?

ከጅግጅጋ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቀብሪበያ ከተማ ስሟ ከውኃ ችግር ጋር ሲነሣ ኖሯል። የዝናቡ ውኃ በቢርካ ተጠራቅሞ ለጥቂት ወራት ያዳርሳል። ቢርካው ሲደርቅ የነዋሪውም፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በዚያው ተጠልለው የሚኖሩት የሶማሊያ ስደተኞችም ተስፋ የጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች ናቸው። የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ያለ ፓምፕ ከተማ አይደርስም። ለረጅም ጊዜ በገጠር ፓምፕ የሚሠራው በናፍጣ ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ የፀሐይ ኃይልና የዋናው መስመር ኤሌክትሪክ ናፍጣን በመተካት ላይ ናቸው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረው ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ቮልቴጅ ሲዛባ ቀድሞ የሚጎዳው የፓምፑና የወፍጮው ሞተር ነው።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲጓዝ በረጅም ቧንቧ እንደሚሄድ ውኃ ግፊቱን እየቀነሰ ይሄዳል። መስመሩ በረዘመ፣ ሽቦው በቀጠነ፣ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ ያንሳል። በቁጥር እንየው። ትራንስፎርመሩ 230 ቮልት ይሰጣል እንበል። ከእርሱ 500 ሜትር ርቆ፣ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የአሉሚኒየም ሽቦ 60 አምፔር የሚወስድ ጭነት ቢኖር፣ መሄጃና መመለሻው ሽቦ ተደምረው 38 ቮልት ገደማ ይበላሉ። ጫፍ ላይ የሚደርሰው 192 ቮልት ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች ከተጻፈላቸው ቮልቴጅ 10 በመቶ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ይችሉታል፤ ለ220 ቮልት ሞተር ይህ ከ198 እስከ 242 ማለት ነው። ስለዚህ 192 ከሚችለው በታች ሆነ።

ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲወርድ የሞተሩ የማዞር ጉልበት በ19 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ ግን ያንኑ ውኃ መግፋት ስላለበት ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ ተጨማሪው ከረንትም ጥቅልሉን ያግለዋል። የጥቅልሉ ሙቀት ከተፈቀደለት በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመሸፈኛው ዕድሜ በግማሽ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ወፍጮ ሲነሣ የጎረቤት አምፖል የሚደበዝዘውም ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ነው።

ለዚህ የተለመደው መፍትሔ ትራንስፎርመሩን ከፍ ማድረግ ነው። በሥርጭት ትራንስፎርመሮች ላይ ብዙውን ጊዜ በ2.5 በመቶ ልዩነት የሚሸጋገር ማስተካከያ አለ፤ ባለሙያው ኃይል አጥፍቶ በእጁ ይቀይረዋል። ሁለት ደረጃ ከፍ ቢያደርገው መነሻው 241 ቮልት ይሆናል፤ በምሽት ጫፍ ላይ ያለው ቤት 203 ቮልት ያገኛል። ፀሐይ እስክትገባበት ድረስ ይህ በቂ ነበር።

አሁን በዚያው መስመር ጫፍ አንድ ትልቅ የፀሐይ ማመንጫ ተተክሏል እንበል። በቀትር ሕዝቡ ብዙ ኃይል አይጠቀምም፤ ፀሐዩ ግን በሙሉ ኃይሉ ያመነጫል። ትርፉ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ኃይሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲፈስ ቮልቴጁም በተቃራኒው ጫፍ ላይ ከመነሻው ይበልጣል። 20 አምፔር ቢመለስ 13 ቮልት ገደማ ይጨምርና 241 የነበረው 254 ይሆናል። ምሽቱን ያዳነው ማስተካከያ ቀትሩን አበላሸ ማለት ነው። ትራንስፎርመሩን መልሶ ዝቅ ቢያደርጉት ደግሞ ምሽቱ ይጨልማል። ሰው በየቀኑ ሁለት ጊዜ መሰላል ይዞ ሊወጣ አይችልም።

በሲቲ ዞን ያለው የአይሻ የነፋስ ማመንጫ ይህን ዓይነት ችግር በመንደር መስመር ላይ አያመጣም፤ ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ጋር ስለሚገናኝ የሚቆጣጠሩት ትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ናቸው። ችግሩ የሚፈጠረው ማመንጫው ትንሽ ሆኖ ለተጠቃሚው ሲቀርብ ነው።

መፍትሔው በከፊል ማመንጫው ራሱ ውስጥ ይገኛል። የፀሐይ ፓነልን ከመስመር ጋር የሚያገናኘው ኢንቨርተር ቮልቴጅን ያለማቋረጥ ይለካል። ከፍ ሲልበት፣ ሥራ ሳይሠራ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰውን ሪአክቲቭ ፓወር የሚባለውን ኃይል በመሳብ ቮልቴጁን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ዘዴ በረጃጅሞቹ የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ ይበልጥ ይረዳል፤ በቀጭኑ የመንደር ሽቦ ላይ ግን አቅሙ ውስን ስለሆነ በመጨረሻ የሚያመነጨውን መቀነስ ይኖርበታል። ጀርመን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ኢንቨርተሮች ይህን እንዲያደርጉ አስገድዳለች። ከሦስት ቤቶች አንዱ ያህል ጣሪያው ላይ ፓነል ባለበት በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ግዴታ አለ።

ለእንደ ቀብሪበያ ላለ አካባቢ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መንገድ ሌላ ይመስለኛል፤ ፓምፑን በቀትር ማሠራት። ፀሐዩ በሚያመነጭበት ሰዓት ውኃው ወደ ከፍተኛው ማጠራቀሚያ ቢገፋ፣ ትርፉ ኃይል እዚያው ስለሚውል ወደ ኋላ የሚመለስ ከረንት አይኖርም፤ ቮልቴጁም አይወጣም። ምሽት መብራትና ቴሌቪዥን በመስመሩ ላይ ሲበዙ ፓምፑ ቆሟል፤ ውኃው ከማጠራቀሚያው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ባትሪ ተገዝቶ የሚሠራውን ሥራ የውኃ ማጠራቀሚያው ይሠራዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በቂ ስፋት ያለው ማጠራቀሚያና የሰዓት መቆጣጠሪያ ነው። የግመል ወተት ማቀዝቀዣም በቀን በደንብ አቀዝቅዞ ምሽቱን በዚያው ቅዝቃዜ እንዲያሳልፍ ሊደረግ ይችላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ሁለተኛ ዕትም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ አቅርቦት ለመድረስ አቅዶ ነበር። ለብቻቸው የቆሙ አነስተኛ የፀሐይ ማመንጫዎች በሚኖሩባቸው ቦታዎች ዋናው መስመር ሲደርስ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እዚያም ይነሣል። ስለዚህ የፀሐይ ፓምፕ ከመስመር ጋር ለማገናኘት የሚዋዋል የውኃ ኮሚቴ ወይም የመስኖ ማኅበር፣ ማመንጫው ስንት ኪሎ ዋት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከትራንስፎርመሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ኢንቨርተሩ ቮልቴጅ የሚቆጣጠር መሆኑንና መስመሩ ኃይል ሲያጣ ወዲያው የሚያቋርጥ መሆኑን ሊጠይቅ ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ምሰሶ ላይ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ ሕይወት የሚመለከት ነው።

በየቤቱ የሚገዛው ስታቢላይዘርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለገዛው ሰው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቮልቴጅ ሲወርድ የጎደለውን ለማሟላት ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ስለሚስብ ለጎረቤት የሚደርሰውን ይበልጥ ያወርደዋል። ለፓምፕና ለወፍጮ የሚሻለው ቮልቴጅ ከወሰን ሲወጣ ሞተሩን የሚያቆምና ሲስተካከል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚያስነሣ መጠበቂያ መግጠም ነው። ሞተርን እንደገና ከማስጠቅለል ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው።