ያረጀ ላፕቶፕ በድንገት የሚጠፋበት ምክንያትና መለያው

ያረጀ ላፕቶፕ በሥራ መካከል በድንገት ሲጠፋ ምክንያቱ በአብዛኛው ሙቀት ወይም የባትሪ እርጅና ነው። ሁለቱን የሚለየው የሚጠፋበት ሁኔታ ነው።

ቻርጀር ተሰክቶም ከባድ ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ይጠረጠራል። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን፣ ቴርማል ፔስት የተባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ሲደርቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረቡ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ ግን እንዳይቃጠሉ ኃይሉ ይቋረጣል። መጥፋቱ መከላከያ እንጂ ብልሽቱ ራሱ አይደለም፤ መፍትሔውም ጽዳትና ቅባቱን መለወጥ ነው።

በአንጻሩ ቻርጀሩ ሲነቀል ብቻ፣ ጠቋሚው 30 በመቶ እያሳየ እንኳ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያረጀው ባትሪ ሥራ ሲከብድበት ቮልቴጁ እየወረደ ነውና ባትሪው ይለወጣል።

ከማንኛውም ምርመራ በፊት ግን የጥናት ጽሑፍንና መረጃን በሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ ይቀድማል።